አሲዱን አስቀምጪው፣ ሰባኩን አስጠሪ

ባለፈው እትማችን አንዲት እህታችን «ጎበዝ ሠራተኛ ማዳሟን በትንሽ በትልቁ አታስቸግርም» ብላ ጽፋልን ነበር። ስለ ሰዓት ማክበርና ስለ ንጽሕና ያለችውን እኔም እቀበላለሁ። አንዱ ምክሯ ግን ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል። ሲንክ ሲዘጋ «አሲድና ክሎሮክስ ደባልቆ ማፍሰስ ነው፣ ለሰባክ የሚወጣው ገንዘብ ይድናል፣ ማዳምም ትወድሻለች» ብላለች። ይህቺን እህት አልጠላትም። በቅንነት እንደጻፈችው አውቃለሁ። ግን ዝም ብዬ ባልፈው አንዷ አዲስ መጪ አንብባው ነገ ትሞክረዋለች። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ስለዚህ የምናገረው የሰማሁትን ሳይሆን የደረሰብኝን ነው።

መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ሻርጃ ነበር። ከመጣሁ አምስተኛ ወሬ፣ ረመዳን ላይ። እንግዳ በእንግዳ ላይ፣ ጥብሱ፣ ሩዙ፣ ሉቀይማቱ፣ ሳህኑ ማለቂያ የለውም። ከአፍጥር በኋላ ሲንኩ ውሃ መዋጥ አቆመ። የቆሸሸው ውሃ እስከ አፉ ሞልቶ ቁጭ አለ። ማዳም ከሲንኩ ስር ሁለት ጠርሙስ አውጥታ ሰጠችኝ፣ «ሽታው እንግዶቹ ጋ እንዳይደርስ በሩን ዝጊ» አለችና ሄደች። አንዱን አፈሰስኩ፣ ምንም የለም። ከላዩ ክሎሮክሱን ጨመርኩ። ወዲያው ተንፈቀፈቀ። ሽታው አፍንጫዬን እንደ ሚጥሚጣ ቆነጠጠኝ፣ ዓይኔ ፈሰሰ፣ ደረቴ እንደ ገመድ ታሰረ። መጮህ ፈልጌ ድምፅ አጣሁ። በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ በሩን ስደበድብ የቤቱ ሹፌር ሰምቶ ጎትቶ ወደ ግቢ አወጣኝ። አላህ ይስጠው፣ እሱ ባይኖር ዛሬ ይሄን አልጽፍም ነበር።

ሐኪም ቤት አልወሰዱኝም። «ወተት ጠጪ» ተባልኩ፣ ጠጣሁ። ሁለት ሳምንት ሳል አላስተኛኝም።

በሦስተኛው ቀን ሰባክ ተጠራ። የሕንድ ሰው ነው፣ ጎልማሳ። ገና ሲገባ የጠየቀው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ምን አፍስሳችሁበታል?» አለ። ስነግረው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። መስኮቱን ከፈተ፣ ወፍራም ጓንት አጠለቀ፣ መነጽር አደረገ። ከዚያ ነው ጎንበስ ያለው። እኔ ቆሜ እያየሁት እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ይሄ ሰው ሙያው ነው፣ ስንት ዓመት የሠራበት ነው፣ ግን ይፈራዋል። እኔ በባዶ እጄ፣ በነጠላ ጫማ፣ በተዘጋ ክፍል ነው የላከችኝ። ያን ቀን ነው የነቃሁት።

ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ከሲንኩ ስር ባልዲ አስቀመጠ፣ የታጠፈውን ቧንቧ፣ ሲፎኑን ማለት ነው፣ በእጁ አሽከርክሮ ፈታው። ከውስጡ እንደ ሻማ የደረቀ ነጭ ጮማ፣ የሩዝ ጓል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አንዲት የሻይ ማንኪያ ወጣች። እስቲ ንገሩኝ፣ የትኛው አሲድ ነው ማንኪያ የሚያሟሟው? አጠበው፣ መልሶ ገጠመው፣ 150 ድርሃም ተቀብሎ ሄደ። ያ 150 ድርሃም በወሩ መጨረሻ ከደሞዜ ተቆረጠ። እንግዲህ «ገንዘብ ይድናል» የተባለው ይሄ ነው። ሳንባዬም ተቃጠለ፣ ገንዘቡም ከእኔ ኪስ ወጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ክሎሮክስ አገራችን በረኪና የምንለው ነው። የሽንት ቤት ማጽጃውና የቧንቧ መክፈቻው ብዙ ጊዜ አሲድ አለበት። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይሄ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በሚባል ቦታ፣ ጀርመኖች በወታደር ላይ የለቀቁት ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል። ወለል ለማጠብ ጎንበስ ያለችውን ሴት ቶሎ ያገኛታል ማለት ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር፣ አንዳንዱ የመስታወት ማጽጃ አሞኒያ አለበት፣ ሲቀላቀልም ሌላ መርዝ ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አይደባለቅ። ዛሬ አሲድ ፈስሶ፣ አልሠራ ብሎ፣ ውሃው ገና ቆሞ እያለ በረኪና መጨመርም ያው መደባለቅ ነው። እኔን የያዘኝ ይሄው ነው።

ሌላም አለ። በፍሬ መልክ የሚሸጠው ካስቲክ ሶዳ ውሃ ሲነካው በራሱ ይፈላል። የተዘጋ ቧንቧ ላይ የፈላ ውሃ ከጨመርሽበት ወደ ፊትሽ ሊተፋው ይችላል። አሲድ ካፈሰስሽ በኋላ በጎማ መምጠጫ መግፋትም እንደዚያው ነው፣ ወደ ዓይን ይረጫል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አረብኛም እንግሊዝኛም ማንበብ ካልቻልሽ ሥዕሉን እይ። በቀይ መስመር የተከበበ ምልክት ውስጥ ፈሳሽ እጅ ላይ ሲንጠባጠብ ካየሽ፣ ያ ነገር ሥጋ ይበላል።

ምናልባት አሁን አንዷ «እኛ ምን እናውቃለን፣ የታዘዝነውን ነው የምንሠራው» ትል ይሆናል። እውነት ነው፣ አልተማርንም። እኔ ያደግኩት ሐይቅ አካባቢ ነው፣ ደቡብ ወሎ። እጣቢ ደጅ ይደፋል፣ መሬት ይጠጣዋል፣ አለቀ። ውሃ በጀሪካን ተሸክሜ የማመጣው እንጂ ከግድግዳ የሚወጣ፣ ወለል ውስጥ የሚገባ ነገር አልነበረም። አገራችን አዋጅ ቁጥር 923/2008 ከመውጣታችን በፊት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረን ይጠይቃል። እኔ በወሰድኩት ሥልጠና ማይክሮዌቭና ልብስ ማጠቢያ አሳይተውናል፣ አልጋ ማንጠፍ አስተምረውናል። የትኛው ጠርሙስ ከየትኛው ጋር እንደሚገድል ግን ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ ካልነገሩን እኛው እንነጋገር። መጽሔታችን ለዚህ ካልሆነች ለምን ትሆናለች?

ቧንቧ ለምን እንደሚዘጋ ያወቀች ግማሹን ችግር ታስቀረዋለች። ዘይት ትኩስ ሲሆን እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ይጋገራል። ከዚያ ሩዙ፣ የቡና አተላው፣ የእንጀራ ሊጡ እየመጣ ይለጠፍበታል። አዎ፣ የእኛ ሊጥና የእኛ ቡናም አለበት፣ ሁሉን በማዳም ላይ አንላክክ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ጠላቱ ፀጉርና ሳሙና ነው። ሽንት ቤት ውስጥ እርጥብ መጥረጊያ፣ ሞዴስ፣ የሕፃን ዳይፐር ነው። እርጥብ መጥረጊያው ማሸጊያ ላይ ምንም ቢጻፍ እንደ ሶፍት አይሟሟም።

ስለዚህ የእኛ የሆነውንና የእኛ ያልሆነውን እንለይ። እኔ ሰነፍ ሁኑ አላልኩም።

የእኛ የሆነው ይሄ ነው። የተረፈ ዘይት ሲቀዘቅዝ በባዶ ጠርሙስ ወይም ጣሳ አጠራቅመን ከቆሻሻ ጋር መጣል። ድስትና ሳህን ከመታጠቡ በፊት በሶፍት መጥረግ። ሲንኩ አፍ ላይ ወንፊት ማድረግ፣ ሳንቲም የማታወጣ ነገር ናት። የወለል ማፍሰሻው ላይ የተጠራቀመ ፀጉር በጓንት ማንሳት። ትንሽ ሲዘገይ፣ ምንም ኬሚካል ሳይነካው፣ በጎማ መምጠጫ መሞከር፤ ሲንኩ ሁለት ጉድጓድ ካለው አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ደፍኖ ነው የሚገፋው፣ አለዚያ አየሩ በዚያ ያመልጣል። የእንግዳ መታጠቢያ ቤት የፍሳሽ ሽታ ካመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ አይደለም። ሲፎኑ ውስጥ ሁልጊዜ የምትቀመጥ ውሃ አለች፣ ሽታውን የምታግደው እሷ ናት። ካልተጠቀሙበት በዚህ ሙቀት ትደርቃለች። አንድ ሁለት ጆግ ውሃ ስታፈሺበት ሽታው ይጠፋል። ለዚህ በረኪና መድፋት አያስፈልግም። ቤተሰቡ ለበጋ ዕረፍት ሲሄድና ሲመለስ ይሄን ማድረግ አትርሺ።

ሌላው የእኛ ሥራ የውሃ መዝጊያው የት እንዳለ ማወቅ ነው። አዲስ ቤት የገባሽ ቀን ጠይቂ። ከሲንኩ ስር፣ ከሽንት ቤቱ ጎን ትንንሽ መዝጊያ አለ፤ የቤቱ በሙሉ ዋና መዝጊያም አለ። የሸጣፉ ጎማ ሌሊት ቢፈነዳ መጀመሪያ የሚደረገው በፎጣ መሯሯጥ ሳይሆን መዝጊያውን ማዞር ነው። ሸጣፉን ስትጨርሺ ጫፉን ብቻ ለቀሽ አትሂጂ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ዝጊው። ጎማው ሁልጊዜ ግፊት ተሸክሞ ሲያድር ነው የሚፈነዳው።

የእኛ ያልሆነው ደግሞ ይሄ ነው። አንድ ሲንክ ብቻ ከተዘጋ ችግሩ እዚያው ቅርብ ነው። ሲንኩም፣ ሻወሩም፣ ሽንት ቤቱም አብረው ውሃ ከመለሱ ግን ዋናው መስመር ነው የተዘጋው። ያን ጊዜ ውሃ መጠቀም ማቆም ነው፣ ልብስ ማጠቢያውንም ጭምር፤ የምታፈሺው ሁሉ ተመልሶ ወለል ላይ ይወጣል። ባለሙያው ከሲፎኑ አልፎ ለሄደ መዘጋት እየተሽከረከረ የሚገባ ረጅም የብረት ስፕሪንግ አለው፤ እየቆፈረ ይሄዳል። ለጮማ ደግሞ በከባድ ግፊት ውሃ የሚረጭ ማሽን አለ፤ የቧንቧውን ግድግዳ ነው የሚያጥበው። ደጋግሞ ለሚዘጋ መስመር ትንሽ ካሜራ ይልኩና የተሰበረም ከሆነ ያያሉ። እስቲ እኔና አንቺ ይሄን በአንድ ጠርሙስ አሲድ እንተካዋለን? የኮመዲኖ መስቀያ ሽቦ አጣምሞ መክተትም ቧንቧ ይበሳል፣ ከዚያ «አበላሸሽ» ይመጣል።

የውሃ ማሞቂያውም የእኛ አይደለም። ከጎኑ ያለችው ቫልቭ ውሃ ብታንጠባጥብ በጨርቅም በፕላስቲክም እንዳትደፍኚያት። ግፊቱን የምታስተነፍሰው እሷ ናት፤ ከተደፈነች ማሞቂያው ሊፈነዳ ይችላል። መብራቱን አጥፍተሽ ንገሪያቸው። ኤሲ ውሃ ሲያንጠባጥብም እንዲሁ ነው፣ የውሃ መውረጃው ጎማ በአቧራና በአረንጓዴ ዝቃጭ ተደፍኖ ነው። መሰላል ላይ ወጥተሽ አትፍቺው። ከመሰላል ወድቃ የተሰበረች እህት ማን እንደሚያስታምማት እናውቃለን።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2024 የወረደውን ዝናብ የማታስታውስ የለችም። በ75 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነው ተባለ፣ አል ዐይን አካባቢ ከ254 ሚሊ ሜትር በላይ በአንድ ቀን ሳይሞላ ወረደ። ሻርጃ ውስጥ ለቀናት ውሃ ተኝቶባቸው የቆዩ ሰፈሮች ነበሩ። እኔ ያኔ ምድር ቤት ነበርኩ፣ ውሃው በበር ሳይሆን በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ማፍሰሻ ነው ወደ ላይ የመጣው፣ ከነሽንት ቤቱ ቆሻሻ። በባዶ እግር በባልዲ ቅጂ ተባልኩ። ማከፋፈያ ገመዱ ወለል ላይ ውሃው ውስጥ ነበር። የዚህን ጊዜ ግን የድሮዋ አልነበርኩም። «መጀመሪያ መብራት ይጥፋ፣ ቦት ጫማና ጓንት ይሰጠኝ» አልኩ። ማዳም ገርሟት አየችኝ። ባባ ግን ሄዶ ማብሪያውን አወረደው። ጫማውም መጣ። ማንም አላባረረኝም።

አውቃለሁ፣ ሁሉም ቤት እንደዚያ አይደለም። «እምቢ ካልኩ ወደ መክተብ ትመልሰኛለች» የሚለው ፍርሃት የሁላችንም ነው፣ እዳ አለብን፣ አገር ቤት የሚጠብቅ አለ። ስለዚህ እምቢ በይ አላልኩሽም፣ በሌላ መንገድ ተናገሪ ነው ያልኩት። «ማዳም፣ ሀዳ መስዱድ፣ ላዚም ሰባክ» በይ። ተዘግቷል፣ ሰባክ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ብዙዎቹ ማዳሞች ክፉ ሆነው አይደለም፣ እነሱም አያውቁትም። «አሲድ ቧንቧችሁን ይበላዋል፣ ሽታው ለልጆቹ መጥፎ ነው» ስትያት ስለ አንቺ ባታስብ ስለ ቧንቧዋና ስለ ልጆቿ ታስባለች። ከመንካትሽ በፊት ደግሞ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ በዋትሳፕ ላኪላት። ቀኑና ሰዓቱ ይቀመጣል። ነገ «አንቺ ነሽ የዘጋሽው» ሲመጣ ያ ፎቶ ይናገርልሻል። ሰባኩ ሲመጣም ከሥሩ አትጥፊ፣ ምን እንዳወጣ እይ። የእኔን ማንኪያ ፎቶ ባነሳት ኖሮ 150 ድርሃሜን በነጻ አልሰጥም ነበር።

ሕጉም አለ። ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ የሚሠራው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 9፣ የሥራ መደቦቻችንን ዘርዝሯል። ሞግዚት አለች፣ ወጥ ቤት አለች፣ ሹፌር፣ አትክልተኛ፣ የበግ እረኛ፣ የጭልፊት አሠልጣኝ ሳይቀር አለ። የቧንቧ ሠራተኛ የለም። በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ የሕክምና መድን ሁሉ በዚያው ሕግ ነው ያለው። ስለዚህ «ወተት ጠጪ» ሕክምና አይደለም፣ ሕክምና መብታችን ነው። ደሞዝሽ ያለ ፈቃድሽ ከተቆረጠ፣ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ያልገባሽን ወረቀት አትፈርሚ፣ የሚኒስቴሩን የሠራተኞች አቤቱታና ምክር ስልክ 80084 ደውዪ። እኔ ያኔ ይሄን ቁጥር አላውቅም ነበር።

ጋዝ ከሸተተሽ ደግሞ ጀግንነት አያስፈልግም። ትተሽው ውጪ፣ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ፣ በርና መስኮት ክፈቺ፣ «ልጨርሰው» ብለሽ አትመለሺ። ዓይንሽ ወይም ቆዳሽ ላይ ከፈሰሰ የነካውን ልብስ አውልቀሽ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ እጠቢው፣ ሰዓት እያየሽ። ከዋጥሽው ራስሽን ለማስመለስ አትሞክሪ። መተንፈስ ካቃተሽ አምቡላንስ 998 ነው፣ ዱባይም ሻርጃም አጅማንም ያው ነው።

የጋራ ክፍል ለምትኖሩ፣ አንድ ሽንት ቤት ለአሥር ሰው የሆነባችሁ እህቶች፣ ለእናንተ ደግሞ ሌላ ነገር ልበል። ሲዘጋ መሰዳደብ ነው የምንጀምረው፣ «የእሷ ፀጉር ነው፣ የእሷ ዘይት ነው» እያልን። በየወሩ ከእያንዳንዳችን አምስት አምስት ድርሃም ብናስቀምጥ፣ ልክ እንደ እቁብ፣ ሰባክ ሲያስፈልግ ማን ይክፈል ብለን አንጣላም። የዘይት ጣሳና ወንፊት ደግሞ ዛሬውኑ ይገዛ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ።

ላለፈው እትም ጸሐፊ እህቴ፣ ማዳምሽ ሊወዱሽ ይችላሉ፣ ደስ ይለኛል። ግን አሲድና ክሎሮክስ ደባልቃ የተወደደች አላየሁም። ምክርሽን በሚቀጥለው እትም እንድታነሺው እለምንሻለሁ። አንቺም ካልሽ ከእኔ ይልቅ አንቺን የሚሰሙ አሉ።

እናንተ ደግሞ ይሄን ገጽ ቀዳችሁ ከሲንኩ ስር፣ ጠርሙሶቹ የሚቀመጡበት በር ውስጥ ለጥፉት። ማንበብ ለማትችል እህት አንብቡላት። ዓርብ ስንገናኝ ማዳም የሰጠቻችሁን ጠርሙስ ፎቶ አንስታችሁ አምጡ፣ አብረን እናያለን፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ እንለያለን። እኔ ቀድሜ መጥቼ ቡናውን አፈላለሁ፣ አተላውን ግን ሲንክ ውስጥ የምትደፋ ከእኔ ጋር ትጣላለች።